ባለ ኤሊ ጀርባው ግመል

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በ1972 ዓ.ም. ናዝሬት ጉዷን የሰማችው መስከረም ሊጠባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ያውም ሐሙስ ጠዋት፣ በሳሙና ቀን፣ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ በር ላይ።

ሻጯ ሮማነወርቅ ከወንጂ አውቶቡስ ወርዳ ሱቁን ስትከፍት ለሁለት ሰዓት ጥቂት ጉዳይ ነበር። ሰው፣ ጀሪካን፣ ዘንቢልና ድንጋይ የተደረደረበት ሰልፍ ከበሩ ተነስቶ ጋሪ ማቆሚያው ድረስ ደርሷል። ሮማነወርቅ የሳሙና ካርቶን ልታወጣ ወደ ጓሮው መጋዘን ዞረች፤ ቁልፉን ከፍታ ገባች፤ ወዲያው "ኡኡ!" እያለች ወጣች።

ሰልፉ ባንድ አፍ፣ "ሳሙናው ተሰረቀ!" ብሎ ጮኸ።

"ሳሙናውስ አለ" አለች ሮማነወርቅ ደረቷን ይዛ፤ "የጠፋው ግመሉ ነው!"

መርማሪው መቶ አለቃ መርዳሳ የደረሰው በዚህ ጫጫታ መሃል ነው። መርዳሳ ሃያ ዓመት ሌባ ያሳደደ፣ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው።

"ግመል ነው ያልሽው?"

"የተሳለው ግመል፣ ጓድ መቶ አለቃ! ሰሌዳው በሙሉ!"

መርዳሳ ክው አለ። ያንን ሰሌዳ ይወደው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በዚያ በኩል ጉዳይ ሳይኖረው ሁለት ጊዜ የዞረው እሱን ለማየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአብዮት በዓል በሱቁ ግንባር ላይ ጥጋብን የሚያሳይ ስዕል ይሰቀል ተባለና ለቀለም ቀቢው ለአብዱልመናን ተሰጠ። አብዱልመናን አባቱ ከወሎ መጥተው መተሐራ ሸንኮራ ሲቆርጡ ያደገ፣ የከተማውን ሱቅ ግማሹን ሰሌዳ የጻፈ ወጣት ነው። ሁለት ሜትር በአንድ ተኩል የሆነ ኮምፔንሳቶ ተሰጥቶት ሦስት ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ ሠራ። ሠርቶ ሲያወጣው፣ አቤት! በበሬ ትከሻ ላይ የአውራ ዶሮ ራስ ያበቀለ ሻጭ መነጽሩን አድርጎ ስኳር ይመዝናል። የዓሣ ጭራ ያላት በግ ዘይት ታስቀዳለች። የጣዎስ ክንፍ ያወጣ አህያ የላምባ ጀሪካኑን ይዞ ቆሟል። ከሁሉ ኋላ ደግሞ ጀርባው የኤሊ የሆነ ግመል የራሽን ካርዱን በከንፈሩ ይዞ ቀስ እያለ ይመጣል።

"ይሄ ምንድን ነው?" ቢሉት፣ "ጥጋብ ነዋ!" አለ አብዱልመናን። "በሬ ሲያርስ ውሎ ማለዳ ደግሞ ጮኾ ሲቀሰቅሰን ነው ጥጋብ። በጓንም እዩአት፤ ሥጋዋ ለፍስክ፣ ጭራዋ ለጾም!"

ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። መነጽር የሚያደርጉት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቀነኒሳ ግን አልሳቁም። ማክሰኞ ዕለት ስብሰባ ጠርተው፣ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ከላይ እንግዶች ስለሚመጡ ሰሌዳው መጋዘን ይመለስ፣ በኖራ ይቀባ፣ በላዩም መፈክር ይጻፍበት ብለው ወሰኑ። አብዱልመናን ተነስቶ፣ "ኖራ ከምትቀቡት እኔን ቅበሩና ኖራውን በኔ ላይ ድፉት!" ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ጮኸ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይኸው ሐሙስ ሲነጋ ሰሌዳው የለም።

መርዳሳ የመጋዘኑን በር ሦስት ጊዜ አገላብጦ አየው። ቁልፉ አልተሰበረም፣ ማጠፊያው አልተነቀለም። ቁልፍ ደግሞ ያለው ሁለት ሰው ዘንድ ብቻ ነው፤ ሮማነወርቅና ሊቀመንበሩ ዘንድ።

በመጀመሪያ የሌሊት ዘበኛውን ጋሽ ጃራን ከቤታቸው አስጠራ።

"አካም ቡልታን፣ ጋሽ ጃራ። ሰሌዳውን መጨረሻ መቼ አዩት?"

"ፈያ፣ ልጄ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰልፈኛው መምጣት ሲጀምር ነው የሄድኩት። በመስኮቱ ባትሪ አብርቼ አየሁት። ግመሉን ደህና ዋል ብዬው ነው የወጣሁት።"

"ግመሉን?"

"ሦስት ሳምንት አብረን ስናድር! ዝም ብዬ ልሂድ እንዴ?"

እንግዲያስ ሌባው የገባው ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሮማነወርቅ በዚያን ሰዓት የት ነበረች? ወንጂ፣ እህቷ ቤት ክርስትና ላይ አድራ፤ ሾፌሩም ተሳፋሪውም ምስክሯ ነው። ሊቀመንበሩስ?

"እኔ ሊቀመንበር ነኝ ብዬ ተራ አልነጥቅም፣ ጓድ" አሉ ቀነኒሳ መነጽራቸውን እየወለወሉ። "ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከሕዝቡ ጋር ተሰልፌያለሁ። ይጠይቁ።"

መርዳሳ ጠየቀ። ከሰልፉ ራስ እስከ ወገቡ ያለው ሁሉ ባንድ ቃል መሰከረ። "ተሰልፈው ነበር፤ አራተኛ ናቸው።" ቅመም ነጋዴዋ ሀጂራ እንዲያውም ማለችለት። "ወላሂ ከፊቴ ነበሩ!"

ለሁለቱም ባለ ቁልፎች ምስክር ሞላ። የቀረው አብዱልመናን ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሮማነወርቅን ቁልፍ ሲዋስ የከረመ፣ በሰው ፊት የፎከረ፣ ብቻውን የሚያድር። መርዳሳ ጥያቄውን ሳይጨርስ አብዮት ጥበቃዎቹ ልጁን ከቤቱ አንጠልጥለው ጣቢያ አስገቡት።

"እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሰሌዳው ካልተገኘ ልጁ ወደ ላይ ይተላለፋል ተብሏል" አሉ ቀነኒሳ። ይህን ሲሉ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት።

በዚያ ዘመን ወደ ላይ የተላለፈ ሰው መቼ ወደ ታች እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። መርዳሳ የቁርስ ፍላጎቱ ጠፋ፤ ለመርዳሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አብዱልመናንን እስር ክፍሉ ግድግዳ ላይ በከሰል የአንበሳ ጎፈር ያለው ጉንዳን ሲስል አገኘው።

"አንተ ልጅ፣ አትፈራም? የመንግሥት ግድግዳ ነው እኮ!"

"ጉንዳኑ ራሱ ከዚህ ስንጥቅ ነው የወጣው፣ መቶ አለቃ። ጎፈሩን ብቻ ነው የጨመርኩለት።"

"ሰሌዳው የት ነው?"

"አላህ ያሳይዎ! ብሰርቀው የት አደርገዋለሁ? ቤቴ ከሰሌዳው ያንሳል እኮ።"

መርዳሳ ሜትር ይዞ የልጁን ቤት ሊለካ ሄደ። እውነትም በሩ ሰባ ሳንቲ፣ አልጋና የቀለም ጣሳ ከገባበት ለእግር እንኳ ቦታ የለም። መርዳሳ ለብቻው ቆሞ ሳቀ፤ ደግሞ ወዲያው ሳቁ ተነነበት። አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ነው፤ ዳዋው እንዳልበላ ቢያውቅም አይጡን ገና አላገኘውም።

ዓርብ ጠዋት አንድ ባለ ጋሪ ጣቢያ መጣ።

"ትናንት ገና ሳይነጋ በአንሶላ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ጭኛለሁ። እንዳትነካው፣ እንዳትጠይቀኝ እያለ ሲያዋክበኝ የነበረው መሐመድዘይን ነው፣ ጨርቅ ነጋዴው። እስከ መናኸሪያ አደረስኩት፤ የሞጆ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫነው።"

መርዳሳ ከወንበሩ ዘለለ። መሐመድዘይን በማክሰኞው ስብሰባ ላይ፣ "ኖራ ከምትቀቡት ለኔ ስጡኝ" ብሎ የለመነ ሰው ነው! መርዳሳ ሁለት ፖሊስ አስከትሎ ሞጆ ወረደ፤ ሰውዬውንም እህቱ ኡሙሰልማ ቤት ምሳ ላይ ደረሰበት። የተጠቀለለው ነገር ከአልጋው ኋላ ተጎልቷል።

"አውጣው!"

"መቶ አለቃ፣ በልጆችዎ..."

"አውጣው አልኩህ!"

መርዳሳ አንሶላውን ገለጠው። ግመል የለም። ከወገቧ በታች ዳክዬ የሆነች ቀጭኔ አንገቷ ላይ የሜትር ቁጥር ተጽፎባት አቡጀዴ ትለካለች። ከፊቷ ጎፈሬ ያበጠረ ፍየልና ቀሚስ የለበሰች ጅግራ ተሰልፈዋል።

"ይሄ የኔ ነው!" አለ መሐመድዘይን በላብ ተጠምቆ። "አብዱልመናን አምና ነው የሳለልኝ። የቀበሌውን ኖራ ይቀባ ሲሉ፣ ነገ ወደኔ ይዞራሉ ብዬ ነው ያሸሸሁት። የደንበኛዬ ግማሽ የሚመጣው ቀጭኔዋን ሊያይ ነው እኮ!"

"እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች ኡሙሰልማ ወጥ እየጨመረች፤ "ልጆቹ ከትናንት ጀምሮ ሳይታዘዙ ነው የሚበሉት።"

ምን ይደረግ፣ መርዳሳም ተጋብዞ በላ። ሲጎርስ ግን ዓይኑ ከስዕሉ ላይ አልተነሳም። ከፍየሉና ከጅግራዋ መሃል አንድ ተራ ድንጋይ ተስሏል። ክንፍ የለው፣ ጭራ የለው፣ ድንጋይ ብቻ።

"ይሄንን ሳይጨርሰው ነው እንዴ የሰጠህ?"

"እኔም ጠይቄው ነበር። ስቆብኝ ሄደ።"

መርዳሳ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ወደ እስር ክፍሉ ገባ። አንድ ቀን እንኳ አልቀረውም፤ እጁ ላይ ያለው ደግሞ ቀጭኔ ብቻ ነው።

"የመሐመድዘይን ሰሌዳ ላይ ያለው ድንጋይ ምንድን ነው?"

"ገዢ ነዋ!" አለ አብዱልመናን።

"ድንጋይ ገዢ ይሆናል?"

"መቶ አለቃ፣ እንስሶቹን ከራሴ ነው ያመጣኋቸው፤ ሰልፉን ግን እንዳየሁት ነው የሳልኩት። ከሰልፈኛው ግማሹ ድንጋይ አይደል? ሰው ድንጋዩን አስቀምጦ ተራ ይይዛል፤ እሱ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ተራው ሲቃረብ ይመጣል። ድንጋዩን የሚነካበት የለም።"

መርዳሳ ግንባሩን በጥፊ መታ። ምኑ አዲስ ነገር ነው! ይህን የማያውቅ የናዝሬት ሕፃን የለም። ሐሙስ ጠዋት እሱ ራሱ በሰልፉ ጎን ሲያልፍ የተሰበረች የወፍጮ መጅ አይቶ፣ "ሻሼ ተሰልፋለች" ብሎ አልፏል፤ ሚስቱ ሻሼ ግን በዚያን ሰዓት ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። ሃያ ዓመት መርማሪ ሆኖ ድንጋይን ሰው ብሎ ቆጠረ!

"ጉዴ ነው!" እያለ ወጣ። አብዱልመናን ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት ከኋላው አፍጥጦ ቀረ።

ሀጂራ በርበሬ እየሰፈረች ነበር።

"ሀጂራ፣ ሐሙስ ሊቀመንበሩ ከፊትሽ ነበሩ አይደል?"

"ወላሂ ነበሩ!"

"ምን ለብሰው ነበር?"

"እኔ ምኑን አውቄ? መች አየኋቸው?"

"ነበሩ አላልሽም?"

"ነበሩ እንጂ! ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋያቸው ከእግሬ ሥር ነበር።"

"ሰውዬውስ? ሰውዬው ራሳቸው?"

"እሳቸውማ ሮማነወርቅ ከጮኸች በኋላ ነው እያለከለኩ የደረሱት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ሀጂራ መስፈሪያዋን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። "እርስዎ ተሰልፈው ነበር ወይ አሉኝ፤ ተሰልፈው ነበር አልኩ። ድንጋያቸው እያለ አልነበሩም ብል ተራቸውን ልትነጥቅ ነው አይሉኝም? እኔ የሰው ተራ አልበላም!"

መርዳሳ ሊቆጣ ፈልጎ አቃተው። እውነቷን ነው። ሰልፉ ላይ አንድም ሰው አልዋሸውም፤ ጥያቄውን ያበላሸው እሱ ነው።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ከሱቁ ጀርባ ያለውን የሊቀመንበሩን ቤት አንኳኳ። ቀነኒሳ በሩን ገርበብ አድርገው አንገታቸውን ብቻ አወጡ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ሐሙስ ጠዋት ድንጋይዎ የት እንደነበረ አውቄያለሁ። እርስዎ የት ነበሩ?"

የቀነኒሳ ፊት አመድ መሰለ። ወዲያው ከውስጥ የሴት ሳቅ ተሰማ፤ አንዴ ጀምሮ የማያቆም፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳቅ። መርዳሳ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ።

ሰሌዳው ከአልጋው ትይዩ ግድግዳውን ሞልቶት ቆሟል። አልጋው ጫፍ ላይ የቀነኒሳ ሚስት ወይዘሮ ጫልቱ ተቀምጠው እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። መሬት ላይ ቀይ ጨርቅ ወድቋል።

"በቀይ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት" አሉ ቀነኒሳ በሹክሹክታ። "በዚህ ሰሞን ቀይ ጨርቅ የተሸከመ ሊቀመንበርን ማን ይጠይቃል?"

"ለምን? ኖራ ይቀባ ያሉት እርስዎ አይደሉ?"

"እኔው ነኝ። አውራ ዶሮው እኔን መሰለኝ፤ ተናደድኩ። ማክሰኞ ወደ ማታ ጫልቱ ስኳር ልትወስድ ሄዳ ሰሌዳውን ወደ መጋዘን ሲመልሱት አየችው። ልጃችን ጆቴ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ፣ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ጥርሷን አይቼ አላውቅም። እቤት ስትገባ ትስቅ ነበር! ሲነጋም ያ ግመል አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ በሕዝብ ፊት አስወስኛለሁ። በምን አፌ ተሳስቻለሁ ልበል? ጨነቀኝ፣ መቶ አለቃ። ቅዳሜ እስኪያልፍ ልደብቀው ብዬ ነው።"

"አብዱልመናንስ?" አለ መርዳሳ። ይህን ጊዜ ፊቱ ላይ ጨዋታ አልነበረበትም። "ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደ ላይ ልታስተላልፉት ነው እኮ!"

ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ ጫልቱ ከአልጋው ተነሱ።

"ማን ነው የታሰረው?"

"ሰሌዳውን የሳለው ልጅ" አለ መርዳሳ።

"ኩን ማሊ፣ ቀነኒሳ? ይሄ ምንድን ነው? ሱቁ ሊሰጠኝ ነው አላልከኝም? የሰው ልጅ አሳስረህ ነው እኔን የምታስቀኝ? የኔ ልጅ የት እንዳለ አላውቅም። የሱን እናት ደግሞ እንደኔ ልታደርጋት? ተነስ! ያዝ በዚያ በኩል!"

ቀነኒሳ ያዙ። ቀይ ጨርቁን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ወይዘሮ ጫልቱ በእግራቸው ገፉት። "ሳይሸፈን!"

እንዲህ ሆኖ ሊቀመንበሩ ከፊት፣ ሚስታቸው ከኋላ፣ መሃላቸው ላይ ግመሉ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ሱቁ በር ደረሱ። ስኳር ሊወስድ የመጣው ሰልፍ መንገድ ለቀቀላቸው። መርዳሳ አብዱልመናንን አስመጣው፤ ልጁ ሰሌዳውን ሲያይ ወዲያው ሮጦ ጠርዙን ዳበሰው፣ እንዳልተጫረ ሲያይ ጊዜ ተነፈሰ።

ቀነኒሳ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጓዶች... ወገኖቼ። ሰሌዳውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ንጹሕ ነው። እያወቅሁ ዝም ብያለሁ፤ አጥፍቻለሁ።" ወደ አብዱልመናን ዞረው ጎንበስ አሉ። "ይቅር በለኝ።"

አብዱልመናን ትከሻቸውን ይዞ ቀና አደረጋቸው። "ኧረ አይጎንበሱ፣ አባቴ... ይቅር ብያለሁ። የዶሮውን መነጽር ግን እኔም ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት።"

ጋሽ ጃራ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ተከተለ። መርዳሳ መዝገቡን ከብብቱ አወጣ።

"እንግዲህ ከሳሹ ጓድ ቀነኒሳ፣ ሌባውም ጓድ ቀነኒሳ ናቸው። ንብረቱ የሕዝብ ነው። ሕዝቡ ምን ይላል?"

"ግመሉ ከተመለሰ ምን እንላለን!" አለች ሀጂራ። "መዝገቡን ይዝጉና ስኳሩ ይከፈት!"

አብዱልመናን ግን ወይዘሮ ጫልቱን ነበር የሚያየው። እሳቸው ከሰሌዳው ፊት ቆመው እንደገና ፈገግ ማለት ጀምረዋል።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ምኑ ነው እንዲህ ያሳቀዎ?"

ወይዘሮ ጫልቱ እጃቸውን ዘርግተው ግመሉን ነኩት።

"ጆቴዬ ነው። ትምህርት ቤት ሲሄድ ቦርሳውን ጀርባው ላይ ቆልሎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ቀስ... ደወል ቢደወል አይቸኩል፣ ዝናብ ቢዘንብ አይቸኩል። እናቱ ሆኜ በር ላይ ቆሜ ስጮህበት ነው ያደገው። ይሄን ሳየው ከሰልፉ ሁሉ ኋላ ልጄ የሚመጣ መሰለኝ። ይመጣል እኮ! ቀስ ብሎ ነው እንጂ ይመጣል።"

ሮማነወርቅ ፊቷን ወደ ሚዛኑ አዞረች። መርዳሳ መዝገቡ ውስጥ የሚጽፈው ያለው መሰለ።

የኖራው ባልዲ ከበሩ አጠገብ ተበጥብጦ ተቀምጧል፤ ብሩሹም በላዩ ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። አብዱልመናን አንዴ ባልዲውን፣ አንዴ ሊቀመንበሩን አየ።

"ኖራ ልቀባው እንዴ፣ ጓድ?"

ቀነኒሳ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። መሰላሉን ራሳቸው ጎትተው ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "ከዚያ በኩል ደግፈህ አንሳልኝ" አሉት አብዱልመናንን፤ መርዳሳም በሌላው በኩል ትከሻውን ሰጠ። ሰሌዳው ከሱቁ በር በላይ ወጣ።

የመጀመሪያውን ሚስማር መትተው ሁለተኛውን ሲያስተካክሉ ከአስፋልቱ በኩል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። እንግዶቹን የያዙ ሁለት ላንድሮቨሮች ወደ ሱቁ ታጠፉ። ሰልፉ ሁሉ አንገቱን ወደ መሰላሉ አዞረ። ቀነኒሳ ወደ መኪኖቹ አዩ፣ ወደ ታች ወደ ሚስታቸው አዩ። ወይዘሮ ጫልቱ አንጋጠው፣ "በግመሉ በኩል ትንሽ ዝቅ ብሏል" አሏቸው።

ቀነኒሳ በግመሉ በኩል ያለውን ከፍ አደረጉና ሚስማሩን መቱት።